አምፕሊፋየሩን ከመውቀሳችን በፊት

(ምስል፦ ብፌ ላይ የተቀመጠ ጥቁር አምፕሊፋየር፣ ግራና ቀኙ ሁለት ስፒከር)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ የምናየው ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለመስማት የሚገዛውን ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ነው። ለሠርግና ለድንኳን የሚከራየውን ትልቁን አይደለም። ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ስፒከር የሚነዳውን፣ በዋጋ መካከለኛ የሆነውን ነው። ያማሃ ኤ-ኤስ501፣ ማራንትዝ ፒኤም6007፣ ዴኖን ፒኤምኤ-600ኤንኢ እና መሰሎቻቸው። እዚህ ሰሜን ሸዋ የማያቸው ወይ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ የገቡ ናቸው፣ ወይ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ተገዝተው የመጡ።

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋሮቢት፣ ይህን ዕቃ የገዙ ሰዎች የሚነግሩኝ ቅሬታ ይመሳሰላል። "ቤዝ የለውም።" "ይጮኻል እንጂ አይጥምም።" "ዝም ብሎ ራሱን ያጠፋል።" "እእእም የሚል ድምፅ አለው።" "መብራት ሄዶ ሲመጣ በዚያው ቀረ።" እኔ ደግሞ ባየሁት መጠን እላለሁ፦ የአብዛኛው ቅሬታ መነሻ አምፕሊፋየሩ ውስጥ የለም። ከኋላው በሚገባው መብራት፣ ከፊቱ ባለው ስፒከር፣ ወይም በክፍሉ ውስጥ ነው። ሰው ግን እሱን ሸጦ፣ ላዩ ላይ ገንዘብ ጨምሮ ሌላ ይገዛል፤ ችግሩም አብሮት ይቀጥላል። በላብ የተገኘ ገንዘብ እንዲህ ሲባክን ማየት ያንገበግበኛል።

ከዋት እንጀምር፤ ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ። ማራንትዙ በ8 ኦም ስፒከር ላይ (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) በየቻናሉ 45 ዋት ይሰጣል፤ ያማሃው 85። ወረቀት ላይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጆሮ ላይ ግን የሁለቱ ልዩነት 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እንኳ አይሞላም፤ ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነውና። ጆሯችን "አሁን ድምፁ እጥፍ ሆነ" እንዲል 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ዋቱ 10 እጥፍ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ ከ45 ወደ 85 ዋት ለመሄድ ብቻ ብላችሁ ብዙ ብር አትጨምሩ።

ከአምፕሊፋየሩ ይልቅ የስፒከሩን ጀርባ አንብቡ። እዚያ ላይ 87 ዴሲቤል የሚል ከተጻፈ፣ 1 ዋት ሲገባው 1 ሜትር ርቀት ላይ 87 ዴሲቤል ያወጣል ማለት ነው። የሰው ተራ ጨዋታ 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ማታ ቡና እየተጠጣ የምትሰሙት ሙዚቃ እንግዲህ ብዙ ጊዜ ከ1 ዋት አያልፍም። የቀረው ከበሮው ድንገት ሲመታ የሚያገለግል መጠባበቂያ ነው።

አንዳንድ ርካሽ ዕቃ ደግሞ ፊቱ ላይ በትልቁ "3000 ዋት ፒኤምፒኦ" (ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባል ከፍተኛ ኃይል) ይላል። ጀርባውን አዙሩትና ከሶኬት ስንት ዋት እንደሚወስድ እዩ። 100 የሚል ከሆነ፣ 100 ዋት የሚበላ ዕቃ ለስፒከር 3000 ዋት ከየት አምጥቶ ይሰጣል? የጀርባው ጽሑፍ ከፊቱ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

(ምስል፦ የአምፕሊፋየሩ ፊት በቅርበት፤ ጣት የላውድነስ ማዞሪያውን ስትነካ)

አሁን ወደ "ቤዝ የለውም" እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

ደብረ ሲና ያሉ አንድ መምህር በዐቢይ ጾም በገና ነው የሚሰሙት፤ ያውም ሌሊት፣ ቤተሰብ ከተኛ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው። "ወንድሜ፣ ንዝረቱ ይሰማኛል፤ ሆዱ ግን የለም" አሉኝ። አባባላቸው ልክ ነበር። በገና 10 አውታር አለው፤ አውታሩ ድልድዩን በሚነካበት ቦታ እንዚራ የሚባለው ትንሽ ቆዳ ይገባል፤ ያ ነው ዝዝዝ የሚያሰኘው። ያ ንዝረት ከፍ ባለው የድምፅ ክልል ውስጥ ስለሆነ ድምፁ ዝቅ ሲልም ይሰማል። ከታች ያለው ወፍራሙ ድምፅ ግን ይጠፋል። የሚጠፋው ከጆሯችን ነው እንጂ አምፕሊፋየሩ አውጥቶታል። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንደ ፈረንጆቹ ይህንን ለክተው አሳይተዋል፦ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ይደነቁራል።

የላውድነስ ቁልፍ የተሠራው ለዚህ ነው። ያማሃው ላይ የሚዞር ማዞሪያ ነው፤ አጠቃቀሙን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። መጀመሪያ ላውድነሱን ፍላት የሚለው ላይ አድርጉት። ከዚያ በዋናው ቮልዩም እስከ መጨረሻ ልትሰሙት የምትፈልጉትን ከፍተኛ ድምፅ አውጡ። አሁን ቮልዩሙን ተዉትና ድምፁን በላውድነሱ ማዞሪያ ቀንሱ። ድምፁ ሲቀንስ ቤዙ አብሮ አይጠፋም። መምህሩ ይህን ሲያደርጉ አብሬያቸው ነበርኩ፤ በገናው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፒዩር ዳይሬክት የሚለው ቁልፍ በርቶ ከሆነ ላውድነሱም፣ ቤዙም፣ ትሬብሉም (የሹል ድምፅ ማስተካከያው) አይሠሩም። ሰው "ንጹሕ ድምፅ" ሲባል አብርቶት ይረሳውና ቤዝ ፍለጋ ይደክማል።

ይህም ካልፈታው ሽቦውን እዩ። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ካልሆነና አንዱ ስፒከር ላይ ከተገላበጠ፣ አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ማስተካከሉ ምንም ወጪ የለውም።

(ምስል፦ የጀርባው ጽሑፍ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ መግቢያ)

መብራት። ዕቃ በእውነት የሚሞተው በዚህ ነው።

የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠራ ዕቃ 100 ቮልት፣ ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ 120 ቮልት ይፈልጋል። ያገለገለ ስትገዙ ፊቱ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ አትርኩ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት በዓይናችሁ እዩ። 100 ቮልት የሚለውን ቀጥታ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ቢያንስ ፊውዙ፣ ከባሰ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቶ መጠቀም ይቻላል፤ ግን ዋጋውን ስትከራከሩ እሱንም አስሉ። አንድ ሱቅ ውስጥ "አስማሚ ሶኬት ካለህ ይሠራል" ሲሉኝ ሰምቻለሁ። አስማሚው የሚቀይረው የሶኬቱን ቅርጽ ነው፤ ቮልቱን አይነካውም።

ሌላው መብራት ሄዶ ሲመለስ ያለው ነው። ሲመለስ አንዳንዴ ከፍ ብሎ፣ አንዳንዴም ሄድ መጣ እያለ ይመጣል። መብራት ሲሄድ አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመጣ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ስታቢላይዘር ከገዛችሁ መብራት እንደመጣ ወዲያው የማይለቅ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ምረጡ። ከፍሪጅ፣ ከምጣድና ከካውያ ጋር በአንድ ዲቫይደር አትሰኩት። ፊውዝ ቢቃጠል ያው ቁጥር ያለውን ግዙ፤ በሽቦ ጠቅልሎ መመለስ በርካሽ ዕቃ ፈንታ ትራንስፎርመሩን አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ ለአምፕሊፋየሩ ከመደባችሁት ገንዘብ ለደህና ስታቢላይዘር የሚሆን ቀንሱ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። አነስ ያለ አምፕሊፋየር ከጥሩ መከላከያ ጋር፣ ትልቁ ያለ መከላከያ ከሚገዛ ይሻላል።

"ራሱን ያጠፋል" የሚለው ሁለት መልክ አለው። ድምፅ ዝቅ ብሎ ወይም ቆሞ ሳለ ቆየት ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ መብራት ለመቆጠብ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ በመመሪያው ላይ እንዴት እንደሚዘጋ አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ እየሠራ ቀጭ ብሎ የሚቆም ከሆነ ግን ራሱን እየጠበቀ ነው፤ ወይ ሽቦዎቹ ጫፋቸው ተነካክቷል፣ ወይ ስፒከሩ ኦሙ አንሶበታል፣ ወይ ሞቆታል። ሁለት ጥንድ ባለ 8 ኦም ስፒከር አንድ ላይ ካበራችሁ 4 ኦም እንደሚሆን አትርሱ።

ሙቀቱን እንይ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። አምፕሊፋየር ያለ ፋን የሚበርደው ሙቅ አየር ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች ስለሚገባ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ይዞ የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። የኤሌክትሪክ ዕቃ የደህንነት መስፈርትም በአብዛኛው የሚሰላው እስከ 2000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ደግነቱ የእኛ ብርድ ያካክሰዋል። ከጣርማ በር ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል ሸዋሮቢት ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፤ ግን ሙቅ ነው። በሁለቱም ቦታ ምክሬ አንድ ነው፦ ከላዩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ተዉለት።

(ምስል፦ ነጭ ዳንቴል የለበሰ አምፕሊፋየር፤ እጅ ዳንቴሉን ስታነሳ)

እና ዳንቴሉ። እናቶቻችን በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ቴሌቪዥኑም፣ አምፕሊፋየሩም ላይ ያለብሳሉ፤ ያምራል፣ አቧራም ይከላከላል። ግን ከስር ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻ ናቸው። ዕቃው ሲጠፋና ሲበርድ አልብሱት፤ ሲበራ አንሱለት። እማማን "ይነሳ" ከማለት "ሲበራ ይነሳ፣ ሲጠፋ ይልበስ" ብትሏቸው ይስማማሉ። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ፣ ዕቃውን ከውጭ ቀዝቅዞ ወደ ሞቀ ቤት ስታስገቡት ወዲያው አታብሩት። ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ክፍሉን ይልመድ።

እእእም የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የዲሽ ሪሲቨር ወይም ቴሌቪዥን ከአምፕሊፋየሩ ጋር በኬብል ሲያያዝ ነው። የሁሉንም ገመድ ነቅላችሁ አንድ በአንድ መልሱ፤ የትኛው ሲገባ እንደሚጀምር ትደርሱበታላችሁ። ቴሌቪዥኑ ከሆነ የኦፕቲካል ኬብል ግዙ። የሚያስተላልፈው ብርሃን ስለሆነ በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ኤሌክትሪክ አያልፍም፤ ያ ድምፅም የሚሄድበት መንገድ ያጣል።

"ይጮኻል እንጂ አይጥምም" የሚሉኝን ሰዎች ቤት ስገባ የማየው የብሎኬት ግድግዳ፣ የሴራሚክ ወለልና ባዶ ኮርኒስ ነው። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። ለዚህ መድኃኒቱ እጃችን ላይ አለ፤ ለዚህም በአካባቢዬ እኮራለሁ፦ የመንዝ በግ ጸጉር። ወፍራም ባና ከስፒከሮቹ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ ግድግዳው ላይ ከመለጠፍ በእንጨት አራት ጣት ያህል አርቃችሁ ብትሰቅሉት ብዙ ይውጣል። ወለሉ ላይም የሱፍ ምንጣፍ አንጥፉ። ቀጭን መጋረጃ ያን ያህል አይሠራም። ባና የሚውጠው ሹሉንና መካከለኛውን ድምፅ ነው፤ ለሚያጓራ ቤዝ ስፒከሩን ከክፍሉ ጥግ ማውጣት ነው።

ሐምሌ ላይ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን ቮልዩም አትጨምሩ። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል፤ ያ የተቆረጠ ድምፅ ነው ትዊተሯን፣ ማለትም ስፒከሩ ውስጥ ሹሉን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ክፍል የሚያቃጥላት። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ።

ሸክላ ላላችሁ፣ በተለይ በ1969 እንደ ፈረንጆቹ አምሃ እሸቴ ካቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ጀምሮ የታተሙትን ለወረሳችሁ፦ ማጫወቻውን ፎኖ በሚለው ቀዳዳ ብቻ ሰኩት። ከመርፌው የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ነው፤ ሸክላው ሲቀረጽም ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል። ፎኖው ሁለቱንም ያስተካክላል። ኦክስ በሚለው ተራ መግቢያ ላይ ከሰካችሁት ቀጭንና ደካማ ይሆናል፤ ሸክላው ያለቀ ይመስላችኋል። ከማጫወቻው የምትወጣውን ቀጭን ሽቦ ጂኤንዲ በሚለው ቡሎን እሰሩ።

(ምስል፦ ሻጭና ገዢ አምፕሊፋየር ከበው፤ ገዢው ቮልዩሙን ሲያዞር)

ያገለገለ ልትገዙ ከሄዳችሁ የምታውቁትን ሙዚቃ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቮልዩሙን ቀስ ብላችሁ ከታች እስከ ላይ አዙሩ፤ ካንኳኳ ማዞሪያው አቧራ ይዟል፤ ይጸዳል፤ ዋጋ ግን ያስቀንሳል። ባላንሱን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አድርጉና ሁለቱም ስፒከር እኩል መጮኹን ስሙ። ሲበራ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቀጭ የሚል ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ ስፒከሩን የሚያገናኘው ሪሌ ነው። ያ ቀጭታ መጥቶ አንዱ ወገን ዝም ካለ ወይም ቆየት ብሎ ከገባ ግን ሪሌው ደክሟል። ሻጩ ቢቸኩልም ሩብ ሰዓት ያህል አስበርታችሁ ቆዩ፤ ከዚያ መዳፋችሁን ላዩ ላይ አሳርፉ። ለብ ማለቱ ጤና ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ያውም ድምፁ ዝቅ ብሎ ሳለ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።