መስኮት ስትገዙ ውሃው በየት እንደሚወጣ ጠይቁ
(ጎንደር ውስጥ ለቤት ሠሪ ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

የቅዳሜን ገበያ ትታችሁ ስለ መስኮት ለመስማት መምጣታችሁ ገርሞኛል። ቤታችሁ ጣራ ለብሷል ማለት ነው። ጣራ ሲያልቅ ብርም ያልቃል። መስኮት የሚመጣው ደግሞ ልክ ያኔ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው መስኮት የሚገዛው በተራረፈ ብር ነው፣ ያውም በጥድፊያ። እኔም የራሴን ቤት እንዲያ ነው ያደረግኩት፤ ሙያዬ መስኮት መሥራት ሆኖ ሳለ!

ሥራ ስለበዛብኝ የቤቴን ተንሸራታች አሉሚኒየም ለሌላ ሰው ሰጠሁት። በጋውን አማረብኝ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ያ የምታውቁት የጎንደር ዝናብ መጣ። ጠዋት ምንጣፉ ላይ ስቆም እግሬ ሥር ጭቅ አለ። በማግስቱ ሲሊኮን ገዝቼ የፍሬሙን ሥር ዙሪያውን ለጠፍኩት። ባሰበት። በሦስተኛው ቀን ውጭ ወጥቼ ጎንበስ ብዬ አየሁ። መዝጊያው የሚንሸራተትበት የታችኛው ሀዲድ ፊት ላይ የጣት ጥፍር የሚያህሉ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ። ለሳኙ በሲሚንቶ ደፍኗቸዋል። ሲሊኮኔ ደግሞ የቀረችውን መውጫ ዘግቶልኛል። በሚስማር ስፈለፍላቸው ሀዲዱ ውስጥ ተኝቶ የከረመው ውሃ ቱር ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ስለ መስኮት ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ስለ ውሃ ነው የማወራው። ተንሸራታች መስኮት ውሃ ጭራሽ አያስገባም የሚላችሁ ሻጭ ካለ አትመኑት። ትንሽ ሀዲዱ ውስጥ ይገባል። ቁም ነገሩ ተመልሶ መውጣቱ ነው። ቀዳዳዎቹ ክፍት ሆነው ወደ ውጭ ይዙሩ። ልስኑ ሲለሰን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኗቸው፣ ሲያልቅ አንሱት።

ሌሎቹንም ክፍሎች በውሃው መንገድ እንያቸው። ከሥር ደፉ አለ፣ የመስኮቱ የታችኛው ከንፈር ማለት ነው። ደፉ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቅዝቅ፣ ከግድግዳውም ወጣ ይበል። ከሆዱ ሥር ደግሞ ቀጭን ቦይ ይኑረው። ያቺ ቦይ ከሌለች ውሃው በደፉ ሆድ ተሳቦ ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ቀለሙ ሥር ሥሩን እንደ እንባ የተዥጎረጎረ ቤት አላያችሁም? ቀጥሎ ፍሬሙ ነው። ፍሬምና ብሎኬት በሚገናኙበት ሲሚንቶ ብቻ አይበቃም፤ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፣ ሲሊኮን እዚህ ነው ቦታው። ከዚያ መዝጊያው፣ ማጠፊያው ወይም ተንሸራታቹ የሚሄድበት ጎማ እግሩ፣ መስታወቱን የሚይዘው ላስቲክ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐያችን ላስቲክ ታደርቃለች። በየጥቂት ዓመቱ ማስቀየር ያለ ነው።

አሁን ወደ ዓይነቱ። ተንሸራታች ቦታ አይፈጅም፣ በረንዳ ላይ ሰው አይገጭም። ግን ሁሌም ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው። በማጠፊያ የሚከፈተው ሙሉውን ይከፈታል፤ ሲዘጋም ላስቲኩን ጭምቅ አድርጎ ስለሚይዝ ንፋስም ድምፅም ይቀንሳል። እኔ ለመኝታ ቤት እሱን ነው የምመርጠው። ለመታጠቢያ ቤት ከላይ ታጥፎ ከሥር ወደ ውጭ የሚገፋውን አድርጉ፤ እየዘነበም ከፍታችሁ መተው ትችላላችሁ። የኤልቲዜድ ብረት፣ ማለትም በኤል፣ ቲ እና ዜድ ቅርጽ የተሠራው የመስኮት ብረት፣ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ግን ፀረ ዝገቱ ከመገጠሙ በፊት ይቀባ፤ ከተገጠመ በኋላ ጀርባውን ማንም አያገኘውም። እንጨት የምትወዱ ዋንዛ ፈልጉ፣ በደንብ የደረቀ። እርጥብ ባሕር ዛፍ የገጠመ ሰው በዓመቱ መስኮቱን በትከሻው ነው የሚዘጋው።

አቅጣጫውንም እዩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት የምትሄደው። ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሚበርደን ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ሳሎናችሁ ወደ ደቡብ መስኮት ካለው በነፃ ይሞቃል። ወደ ምዕራብ የዞረ ትልቅ መስታወት ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ያቃጥላችኋል። ወይ አሳንሱት፣ ወይ ጥላ ሥሩለት። አያቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ፋሲል ግቢ ገብታችሁ መስኮቶቹን እዩ። በቀይ ድንጋይ የተሠራውን ቅስት ሁሉም ፎቶ ያነሳል። እኔ የማየው የግድግዳውን ውፍረት ነው። መስኮቱ ጠልቆ ስለገባ ግድግዳው ራሱ ጥላ ይሆነዋል፤ ዝናቡም በቀላሉ አያገኘውም። እኛ በ15 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ሠርተን መስታወቱን ከውጭ ጫፍ ጋር እኩል እንገጥመዋለን። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ብትስቡት ምን ይጎድልባችኋል?

መስታወት ላይ ነው ብዙ ብር የሚባክነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

ውፍረቱን ራሳችሁ ለኩ። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በአንድ ሚሊ ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ካሬ ባለ 4 ሚሊ 10 ኪሎ ነው፣ ባለ 6 ሚሊ 15። 6 ከፍላችሁ 4 እንዳይገጠምላችሁ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ለተራ የቤት መስኮት 4 ወይም 5 ይበቃል። ሰፊ ከሆነ 6። ክብደቱ ሲጨምር ግን ጎማ እግሩም የዚያኑ ያህል ጥሩ መሆን አለበት፣ አለዚያ በዓመቱ መንሸራተት ትቶ መጎተት ይጀምራል።

አንጸባራቂውን ብዙዎቻችሁ ትወዱታላችሁ። «ከውጭ አያሳይም» ይባላል። ቀን እውነት ነው። ማታ መብራት ስታበሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እናንተ ውጭውን አታዩም፣ ሰፈሩ ግን እራታችሁን ያያል። አንድ ደንበኛዬ መጋረጃ አያስፈልገኝም ብሎኝ በሳምንቱ መጋረጃ ሰፊ አፈላልግልኝ ብሎ ደወለ።

በር ላይ፣ ደረጃ አጠገብ፣ ልጆች በሚሮጡበት ዝቅ ያለ መስኮት ላይ ግን አትቆጥቡ። ተራ መስታወት ሲሰበር እንደ ካራ ነው። ቴምፐርዱ ከ600 ዲግሪ በላይ ተሞቆ በድንገት በአየር የቀዘቀዘ ነው። ከተራው 4 እጥፍ ገደማ ይጠነክራል፣ ሲሰበርም እንደ በቆሎ ፍሬ ነው የሚበተነው። አንድ ችግር አለው፤ ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ልስኑ ሳያልቅ ልኬት የሰጠ ሰው አለቀሰ። ላሚኔትዱ ደግሞ ሁለት መስታወት ሆኖ መሐሉ ላስቲክ ነገር አለበት፤ ቢሰበርም ተጣብቆ ይቀራል። ሌባንም ለመከላከል ጥሩ ነው።

ድርብ መስታወትስ? በሁለቱ መሐል የታሸገው አየር ሙቀት እንዳያልፍ ያደርጋል፤ ከነጠላው ጋር ሲተያይ የሚያልፈውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ጥሩ ነገር ነው። ለእኛ አየር ግን ለሙሉ ቤት እኔ አልመክርም። መኝታ ቤቱ ባጃጅ ሲጮህ በሚያድርበት መንገድ ላይ ከሆነ ለዚያ ክፍል ብቻ አስቡበት። ቀድማችሁ ግን በፍሬሙ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ድፈኑ። ድምፅ ጣት በምታክል ቀዳዳ ከገባ መስታወቱ ሦስት ቢሆንም ለውጥ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። የብረት ፍርግርግ ሁላችሁም ታስገጥማላችሁ፣ ገብቶኛል። ከየመኝታ ቤቱ ግን ቢያንስ አንዱ በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን። ቁልፉ እዚያው ክፍል፣ ልጅ ሁሉ በሚያውቀው ቦታ ይሰቀል። እሳት ቢነሳ በየት ትወጣላችሁ?

በሩ አጠገብ ሁለት ናሙና አቁሜያለሁ። ሁለት ሃይላንድ ውሃም አለ። ስትወጡ ሀዲዳቸው ላይ አፍስሱና በየት እንደሚወጣ እዩ። አንደኛውን ሆን ብዬ ደፍኜዋለሁ፤ የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። እግዜር ይስጥልኝ።