ትናንት የሌለው የወባ ካርታ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በተለይም ከየወረዳው ሌሊቱን ተጉዛችሁ የደረሳችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣

አዘጋጆቹ የአገራችን የወባ ሥጋት ካርታ በየዘመኑ እንዴት እንደተለዋወጠ እንድናገር ጠይቀውኛል። እናገራለሁ። ነገር ግን ሃያ ዓመት በሆዴ የያዝሁት አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱን ሳልተነፍስ ወደ ሌላው መሻገር አልችልም።

ጊዜው 1996 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነው። የዚያን ዓመት ወረርሽኝ እዚህ የተቀመጣችሁ አንጋፋዎች አትረሱትም። እኔ በአንድ ወይና ደጋ ወረዳ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርሁ። ከ2,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ቀበሌ ሰው በቃሬዛ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ ሰባት፤ በሳምንቱ መጨረሻ ግቢው መተኛ አጣ። የደም ናሙናውን ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሳየው ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ተሕዋስ ነው። መድኃኒትና የርጭት ቡድን እንዲላክልን ጠየቅን። የመጣልን መልስ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ቀበሌው ከወባማ ቀበሌዎች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በሽተኞቹ ቆላ ወርደው ይዘውት የመጡ ይሆናሉ።»

ቆላ ወርደው! ከታመሙት መካከል ገና ዳዴ ማለት ያልጀመሩ ሕፃናት ነበሩ። በማን እግር ነው ቆላ የወረዱት?

ግራ ሲገባኝ በቀድሞው የወባ ማጥፊያ ድርጅት የርጭት አለቃ ወደነበሩ አንድ ጡረተኛ ጋሼ ቤት ሄድሁ። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ ምንም አልተናገሩም፤ ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ጎትተው አወጡ። በውስጡ በእጅ የተሳሉ የመንደር ካርታዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ቤት ቁጥር አለው፤ ምንጩ፣ ረግረጉ፣ የከብት ማጠጫው በሰማያዊ እርሳስ፣ ሰው የታመመበት ቤት በቀይ። ከሁሉም በላይ ግን በእያንዳንዱ ወረቀት ራስ ላይ ዓመተ ምሕረት ተጽፏል። ያንን ቀበሌ ፈልገው አወጡልኝ። ቀዩ ነጥብ ከወንዙ ተነሥቶ ሽቅብ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ወጥቷል። «ልጄ፣ ይህ መንደር በ51 ዓ.ም. ያለቀ መንደር ነው» አሉኝ። ሥራ እንደጀመሩ ከነዋሪው ቤት ለቤት ጠይቀው የሳሉት ነበር።

ለወጣቶቹ ላስታውስ። በፈረንጆቹ 1958፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1950 ክረምት እስከ 1951 ታኅሣሥ ገደማ ድረስ ደጋውንና ወይና ደጋውን የመታው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። የደረሰበት ከፍታም ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ነበር። 2,150! እኛ ከ45 ዓመት በኋላ «ወባ አይደርስበትም» ብለን የደመደምንበትን ከፍታ አስቀድሞ ረግጦት አልፏል። መረጃው ነበረ፤ ከአልጋ ሥር ነበረ።

የቀሩት መዛግብት የት ገቡ? ያ የወባ ጣቢያ ሲዘጋ ወረቀቱ በኪሎ ተሸጠ። የደም ምርመራ ውጤት የሰፈረበት ገጽ በርበሬ ተጠቅልሎበት በዓይኔ አይቻለሁ። የሠላሳ ዓመት ጥረት፣ በእግራቸው ዳገት የወጡ ሰዎች ላብ፣ የበርበሬ መጠቅለያ ሆነ! ተጠያቂውን ስም ለመጥራት አልመጣሁም። ግን እየተረሳ ሲሄድ ዝም ማለት አልችልም።

አሁን ወደ ዘዴው ልምጣ። ፋልሲፓረም በትንኟ አካል ውስጥ ለመብሰል 18 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሌላው የወባ ተሕዋስ ቫይቫክስ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ባለውም ይችላል። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ አየሩ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ የወባ ድንበር ከ150 ሜትር በላይ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሕዝቡ የተጠጋጋ ነው፣ የመከላከል አቅሙም ደካማ ነው። በደብረ ዘይት ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች በፈረንጆቹ ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገበው መረጃ ሲጠና፣ በሞቃት ዓመታት ወባው ወደ ከፍታው እንደሚወጣ ታይቷል። ይህን ማየት የተቻለው ዓመት በዓመት የተመዘገበና ያልጠፋ መረጃ በመገኘቱ ብቻ ነው።

ዛሬ የምንሠራው ካርታ በየወረዳው ከ1,000 ሰው ስንቱ በዓመት እንደታመመ ያሳያል። መልካም ነው። ነገር ግን የታማሚው ቁጥር የሚካፈልበት የሕዝብ ብዛት የሚሰላው በ1999 ዓ.ም. ከተካሄደው ቆጠራ ተነሥቶ ነው። ወረዳዎች ተከፍለዋል፣ ስማቸው ተቀይሯል፤ የአምናውን ካርታ በዘንድሮው ላይ ስንደርበው አንዱ ወረዳ ከሌላው ጋር አይገጥምም። በመተማና በሑመራ ሰሊጥ ሲያጭድ የተነከሰ ወጣት አገሩ ገብቶ ሲታመም የሚቆጠረው በደጋ ወረዳው ነው። ጤና ጣቢያ ሲዘጋ ደግሞ ሪፖርቱ ይቋረጥና ካርታው ላይ ወባ የጠፋ ይመስላል። ባዶ ቦታንና ዜሮን ለይቶ የማያሳይ ካርታ ሰው ይገድላል!

በፈረንጆቹ 2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በከተማ የውኃ በርሜል ውስጥ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረሰው ወረርሽኝ እጇ እንዳለበት ተረጋግጧል። ከፍታንና ዝናብን ብቻ የሚያይ ካርታ እሷን አያገኛትም። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ታማሚ መመዝገቡንም ታውቃላችሁ።

የምጠይቀው ይህ ነው። በየጤና ጣቢያው መጋዘን ያለ አሮጌ የወባ መዝገብ አይቃጠል፣ አይሸጥ። ፎቶ ይነሣ፣ ከነቀበሌው ስምና ከነዓመቱ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ። አዲስ ወረዳ ሲከፈል የቀድሞው ድንበር ከመረጃው ጋር ተያይዞ ይቀመጥ። በሽተኛው የት እንዳደረ የሚጠይቅ አንድ መስመር በመዝገቡ ላይ ይጨመር።

ጋሼ ከማረፋቸው በፊት ከሳጥናቸው ሦስት ወረቀት ሰጥተውኛል። ከአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በመስታወት ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። ሁለተኛው ያ ቀበሌ ነው። ስትወጡ እዩልኝ።

አመሰግናለሁ።