ፊደሉ ራሱ ይናገር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የዲዛይነሮች ማህበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ! ከሩቅ ለመጣችሁ ደግሞ ሐዋሳ ቤታችሁ ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያለው ዓሳ አይሸሽም፤ አሁን ትንሽ ታገሱኝ።

ስለ ዲዛይን ገበያው እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ገበያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደንበኛ ይመጣል፣ "ትልቅ አድርገው፣ ቀይ አድርገው፣ ለነገ ጠዋት" ይላል። እኔ ማውራት የፈለግኩት ዘንድሮ ከወጣቶቹ ጋር ስለጀመርነው ልምምድ ነው። አንድ ቃል እንሰጣቸዋለን። ሥዕል የለም፣ ጌጥ የለም። ጥቁር ቀለም፣ ነጭ ወረቀትና ፊደል ብቻ። የቃሉ ፍቺ ከፊደሎቹ አቀማመጥ፣ ውፍረትና ክፍተት መታየት አለበት።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያው ነው የሚያመጣው። "እሳት" ሲባል ነበልባል፣ "ውሃ" ሲባል ጠብታ። ይሄ ፊደል ላይ ሥዕል መለጠፍ ነው። አንዷ ልጅ ግን "ርቀት" ደረሳት። "ርቀ"ን ግራ ጥግ አስጠግታ "ት"ን ብቻዋን ቀኝ ዳር ሰደደቻት። በቃ። ሌላ ምንም አልነካችም።

ምሳሌ ስንፈልግ የምናገኘው ባብዛኛው የላቲን ነው። አሜሪካዊው ዲዛይነር ኸርብ ሉባሊን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) "እናትና ልጅ" ለተባለ የእንግሊዝኛ መጽሔት አርማ ሠርቷል። "እናት" በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል (Mother) ውስጥ ባለችው ኦ (O) ሆድ ውስጥ የ"እና"ን ምልክት (&) አስገብቶ ፅንስ አስመሰላት። ግሩም ሥራ ነው። ግን እኛ ያ ምልክት የለንም። ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደልም የለንም። የብራና ጸሐፊዎች የቅዱሳንን ስም ለይተው ሲያሳዩ በቀይ ቀለም ነበር የሚጽፉት። እንግዲህ "ቀይ አድርገው" የሚለው ደንበኛ ሳያውቀው የብራና ወግ ይዟል ማለት ነው። ቅናሽ ግን አናደርግለትም።

ዋናው ጉዳይ እግር ነው። የላቲኗን አር (R) እግር እስከ ወረቀቱ ዳር ብትጎትቱት ያው አር ናት። የእኛዋ "በ" ግን ቀኝ እግሯ ሲረዝም "ባ"፣ ግራው ሲረዝም "ቦ" ትሆናለች። አንዱ ጎበዝ "ሰበረ" ላይ ስብራት ለማሳየት ብሎ እግር ሲጎትት "ሳበረ" አድርጎት መጣ። ስለዚህ ሥራችሁን መጀመሪያ ዲዛይን ለማያውቅ ሰው አስነብቡ። ሌላ ቃል ካነበበ፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር ይፍረስ።

ይሄው እግር ግን ሀብትም ነው። "ጎደሎ"ን እዩት። መጨረሻው ላይ ያለችው "ሎ" ድሮም አንድ እግሯ አጭር ነው። አንዱ ልጅ ያቺኑ እግር ትንሽ አሳጠራትና ሌላውን እንዳለ ተወው። ንድፉን ፊደሉ ቀድሞ ሠርቶት ነበር፤ ልጁ አየው እንጂ። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ዓይን ነው ከሶፍትዌር ችሎታ የማስበልጠው። ሶፍትዌር በወር ይለመዳል።

እዚህ ከተማ ታፔላ ስንሠራ ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) በላቲን፣ አማርኛ በፊደል አንድ ሰሌዳ ላይ ይቆማሉ። አንዱን የሌላው ግልባጭ አታድርጉት። ለየራሳቸው የሚሆን ብልሃት ፈልጉላቸው።

ከሻይ በፊት ለየጠረጴዛው አንድ ቃል ይታደላል። በብሩሽ ያደጋችሁ አንጋፋዎች እባካችሁ ከወጣቶቹ ጋር ተቀላቅላችሁ ተቀመጡ፤ የፊደል እግር የት እንደሚያርፍ እጃችሁ ያውቀዋል። ከዚያ የሂሳብ ሪፖርቱ ይቀርባል። ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል።