እንሰራረቅ፤ ግን ከነምክንያቱ

ውድ አቻ አስተማሪዎች፣ የተከበራችሁ አስተባባሪዎችና የክሊኒክ ባለሙያዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። ኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላታቸውን ደገፍ አድርገው የተቀመጡትን ልጆች አትቀስቅሷቸው። ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ሲጓዙ አድረው ነው የደረሱት። በእነሱ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛት አለበት ብለን በየዶርሙ የምንለጥፈው እኛው ነን። ስለዚህ ይተኙ። ንግግሬ እንቅልፋቸውን ካመጣውም ለጤናቸው ጠቅሟል ማለት ነው።

በየግቢያችን ጓደኞቻችንን ስለ ጤና የምናስተምር ተማሪዎች የተሰበሰብነው ሐሳብ ለመሰራረቅ ነው። ፕሮግራሙ ላይ «የልምድ ልውውጥ» ተብሎ ነው የተጻፈው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን፣ አንዱ ግቢ ያመጣውን ጨዋታ ሌላው በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። ከዚያ ግቢው ሄዶ ስሙን ቀይሮ ያቀርበዋል። ምንም አያሳፍርም። እኔም ሰርቄያለሁ። የእኔ ጥፋት ግማሹን ትቼ መምጣቴ ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። የመጀመሪያዬ አካባቢያዊ ጉባኤ ነበር። አንድ አቅራቢ ስለ አባላዘር በሽታዎች ስላይድ አሳየን። ፎቶዎቹ ለማየት ይከብዱ ነበር። ቁስል፣ እባጭ፣ መግል። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ በልቤ «በቃ፣ ይሄ ነው!» አልኩ። ሻይ ረፍት ላይ አቅራቢውን ያዝኩትና ፋይሉን በፍላሽ ገለበጥኩ።

ግቢዬ እንደተመለስኩ አዳራሽ አስፈቅጄ አሳየሁት። ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ግማሹ ዓይኑን ሸፈነ፣ ግማሹ ጮኸ፣ ከኋላ ያሉት ሳቁ። መጨረሻ ላይ ባደልነው የአስተያየት ወረቀት ላይ ሁሉም ለማለት ይቻላል «በጣም አስተማሪ ነበር» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ለብዙ ጊዜ በመሳቢያዬ አስቀምጬው ነበር። እንደዚያ ነው የተኩራራሁት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ተማሪ አገኘችኝ። ይህን የምነግራችሁ ፈቅዳልኝ ነው። «ልመረመር አስቤ ነበር፤ ፎቶዎቹን ሳይ ግን ተረጋጋሁ። እኔ እንደዚያ ዓይነት ነገር የለብኝማ» አለችኝ።

የምለው ጠፋኝ። ክላሚዲያ የያዛቸው አብዛኞቹ ሰዎች ምንም ምልክት አያዩም። ሳይታከም ከቆየ ግን ሴቶች ላይ ወደ ማህፀን ቱቦ ዘልቆ መካንነት ሊያስከትል ይችላል። በምርመራ ከተደረሰበት ደግሞ በአንቲባዮቲክ የሚድን ነገር ነው። እኔ ያን ያህል ሰው ሰብስቤ ያስተማርኩት፣ በሽታው ካለ በዓይን ይታያል የሚለውን ነው። የተሳሳተውን ነገር፣ በደንብ አድርጌ።

በቀጣዩ ጉባኤ አቅራቢውን ፈልጌ አገኘሁት። የሆነውን ነገርኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። «እሱን እኮ ያዘጋጀሁት ለነርሲንግ ተማሪዎች ነው። ምልክቱን መለየት ስላለባቸው» አለኝ። ለማን ነው ያዘጋጀኸው ብዬ ብጠይቀው ኖሮ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግረኝ ነበር። ሻይ ረፍቱ ሙሉ ሰላሳ ደቂቃ ነበር፤ እኔ የጠየቅሁት ፍላሽ ይቀበላል ወይ ብቻ ነው።

ሥራችን የትናንት ፋሽን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 የእስያ ኢንፍሉዌንዛ ሲዛመት፣ በአሜሪካ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በክትባቱ ሥራ አሰልፏል። በ1975 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ባከስ የሚባል የተማሪዎች ቡድን ተመሠረተ። ስለ አልኮል ለማስተማር የተቋቋመ ቡድን በጥንቱ የወይን አምላክ ስም መጠራቱ ሁሌም ያስቀኛል። ቡድኑ በብዙ ግቢዎች ቅርንጫፍ አበጀ፤ ሥራውንም ከአልኮል ወደ ሌሎች የጤና ጉዳዮች አሰፋ። እንዲህ እንደኛ እየተሰበሰበም ሐሳብ ተለዋወጠ።

ስለ መቅዳት ካነሳሁ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስተምረኝ የሌላ ሐሳብ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ፐርኪንስና በርኮዊትዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ነገር አሳተሙ። ተማሪዎች ጓደኞቻቸው በእርግጥ ከሚጠጡት በላይ የሚጠጡ ይመስላቸዋል። ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ዓርብ ማታ ደረጃው ላይ ወድቆ የሚዘፍነውን ልጅ ሁሉም ያየዋል። ክፍሉ ተኝቶ ያደረውን ማንም አያየውም። «ሁሉም ይጠጣል» ብሎ የሚያስብ ልጅ ደግሞ ከሁሉም ላለማነስ ይጨምራል። እንግዲህ መድኃኒቱ እውነተኛውን ቁጥር መንገር ነው ተባለ። ግቢውን ጠይቅ፣ ያገኘኸውን ለጥፍ።

ሐሳቡ እንደ እሳት ተዛመተ። ፖስተሩ በየኮሌጁ ተለጠፈ። በ2003 የሐርቫርድ ተመራማሪዎች ዘመቻውን ያካሄዱና ያላካሄዱ ኮሌጆችን አወዳድረው፣ መጠጥ ቀነሰ የሚያሰኝ ነገር አጣን አሉ። በ2006 ደግሞ በ18 ኮሌጆች በዕጣ ተከፋፍሎ የተሠራ ጥናት ተቃራኒውን አገኘ፤ ዘመቻው በተካሄደባቸው ግቢዎች የተማሪው አጠጣጥ ዝቅ ያለ ነበር። እንግዲህ ተገላገልን ስንል፣ ያንኑ ጥናት በ14 ሌሎች ኮሌጆች ደገሙት። ውጤቱ በ2009 ወጣ። ምንም ለውጥ የለም።

ያው ሐሳብ። ያው የአሠራር ዘዴ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? በኋላ ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረምሯቸው አንድ ነገር ታየ። ዘመቻው የሠራው በዙሪያቸው ጥቂት መጠጥ ቤት ባለባቸው ግቢዎች ነበር። በር ላይ መጠጥ ቤት በተደረደረበት ግቢ ፖስተሩ አልረዳም። ግድግዳው ላይ «አብዛኛው ተማሪ በልክ ነው የሚጠጣው» ይላል፤ ልጁ ከበሩ ሲወጣ የሚያየው ግን ሌላ ነው። እሱም ዓይኑን ያምናል።

ይህን የማነሳው ፖስተሩን ላጣጥል አይደለም። ዘመቻውን የሚወዱ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በሻይ ሰዓት እንከራከራለን። ግን ሌሎች ግቢዎች ሥራቸውን ከሚያሳዩባቸው ጠረጴዛዎች ፖስተር ፎቶ ስታነሱ፣ ቁጥሩ የእነሱ ግቢ ቁጥር መሆኑን አትርሱ። የእናንተን ተማሪዎች ሳትጠይቁ የሰው ቁጥር ከለጠፋችሁ ልጆቹ ይስቁባችኋል። ደግሞም ልክ ናቸው። እናንተ ግቢ አብዛኛው ተማሪ በእርግጥ ብዙ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ይህ ዘዴ ለእናንተ አልተሠራም። ሌላ ፈልጉ።

በፎቶ የማይያዝ ነገርም አለ። አምና ሁለት ጠረጴዛ ጎን ለጎን አየሁ። ሁለቱም ላይ የሚሽከረከር የጥያቄ ጎማ አለ። ሁለቱም ላይ ኮንዶም ይታደላል። አንደኛው ጋ ልጁ ፓኬቱን እየሰጠ «ተጠቀሙ እንግዲህ» ይላል። ሁለተኛው ጋ ያለችው ልጅ ትሰጥና «ይሄን ለመጠቀም ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ነገር ምን ይመስልሃል?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ዝምታውን መቻሏ ነው የገረመኝ። እኔ ብሆን በሦስተኛው ሰከንድ ራሴው እመልሰው ነበር። ልጁ ግን ትንሽ ቆይቶ ማውራት ጀመረ፤ ሦስት ሰዎች ደግሞ ከኋላው ጆሯቸውን ቀሰሩ። የዚያን ቀን የጎማው ፎቶ ብዙ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ጥያቄዋን የጻፈ ሰው ግን አላየሁም።

አሁን ትንሽ የሚቆረቁር ነገር ልናገር። ጉባኤ ላይ ወሬ ይጥማል። ማታ ማታ በየክፍሉ ቁጭ ብለን «አንድ ልጅ መጣልኝ መሰላችሁ» ብለን እንጀምራለን። ስም አንጠራም። ግን ትምህርት ክፍሉን እንጠራለን፣ ዓመቱን እንጠራለን፣ ከማን ጋር እንደተጣላ እንናገራለን። ከዚያ ውስጥ አንዱ ሰሚ የዚያ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛ ሆኖ ይገኛል። የተማሪ ዓለም ትንሽ ናት። ዶርሙንና ዓመቱን ከተናገራችሁ ስሙን ተናግራችኋል። ልጁ እኛ ጋ የመጣው ነጭ ጋውን ስላልለበስን፣ እንደሱ ስለሆንን ነው። ያንን ካጣን ለምን ወደ እኛ ይመጣል? ስለዚህ ጥያቄያችሁን አምጡ፤ «ሰው እንዲህ ሲለኝ ምን ልበል?» በሉ። የሰውየውን ታሪክ ግን እዚያው ተዉት። አስተባባሪዎችም፣ ከመካከላችሁ በዚህ የምትታሙ አላችሁ። አልጠቁምም።

ሊሰረቅ ይገባል የምለውን አንድ ሐሳብ ግን ከነምክንያቱ ላስተዋውቃችሁ። አንድ ግቢ በየዶርሙ በር ጀርባ መዳፍ የምታህል ካርድ ለጥፏል። ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም ሌሊት ክፍት የሆነው የጤና ተቋም የት እንዳለ ብቻ ነው የሚናገረው። ስልክ ቁጥርና እንዴት እንደሚኬድ። ሥዕል የለው፣ መፈክር የለው።

ለምን ቅዳሜና እሑድ? ልጆቹ ሰዓቱን ቆጥረውት ነው። ለኤች አይ ቪ ተጋልጫለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው መከላከያውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ እኩለ ሌሊት ላይ የሆነ ነገር፣ የግቢው ክሊኒክ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ሲከፈት 57 ሰዓት ሞልቶታል። ልጁ ወረፋ ይዞ፣ አፍሮ ተመልሶ፣ በማግስቱ ቢመጣ አልፏል። ካርዷን የወለደው ይህ ስሌት ነው። እናንተ ግቢ ክሊኒኩ እሑድም የሚሠራ ከሆነ ካርዷ አታስፈልጋችሁም። ስሌቱ ግን ያስፈልጋችኋል፤ እናንተ ጋ በሩ የሚዘጋው መቼ ነው?

ከካርዱ ጎን ሌላም ነገር አለ። ራሱን ሊያጠፋ ያስባል ብላችሁ የምትሰጉለት ጓደኛ ካለ፣ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ይህ በጥናት የታየ ነው። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ባለሙያ ጋ አብራችሁ ሂዱ። እኛ ሐኪም አይደለንም። እስከ በሩ አብሮ መሄድ ግን እንችላለን። ነገ ከሰዓት የሚሰጠው ሥልጠና በዚህ ላይ ነው። ቦታው ውስን ስለሆነ አሁኑኑ ተመዝገቡ።

ስለ በጀት ሪፖርቱ ቦርሳችሁ ውስጥ አለ። እንደተለመደው አጭር ነው፤ ገንዘቡም እንደዚያው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የእኛ ሰው በሦስትና በአራት ዓመት ይመረቃል። ያወቀውን ይዞ ይሄዳል። ፍሬሽ ሲመጣ ከዜሮ ይጀምራል፤ እኔ የሠራሁትን ስሕተትም እንደ አዲስ ይሠራዋል። መሳቢያ ስትከፍቱ የምታገኙት የፖስተር ጥቅል ነው። ለማን እንደተዘጋጀ፣ ምን እንደተገኘበት፣ ለምን እንደቆመ የሚናገር አንድ ገጽ የለም። ተመራቂዎች፣ ይህን ገጽ ሳትጽፉ ጋውን ብትለብሱ እታዘባችኋለሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ ጠረጴዛዎቹን በትንሹ ቀይረናቸዋል። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ቢጫ ወረቀት ታያላችሁ። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ለማን አዘጋጃችሁት? ሰዎቹ ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? ምን ሳይሠራ ቀረ? ሦስተኛውን ባዶ የተወ ጠረጴዛ ካያችሁ ቆማችሁ ጠይቁ። ፍላሽ ከማውጣታችሁ በፊት።

እኔም ጠረጴዛ አለኝ፤ በሩ አጠገብ ያለው ነው። ያንን የፎቶ ስላይድ ይዤ መጥቻለሁ። ቢጫ ወረቀቴን ሞልቻለሁ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቦታ ስላነሰኝ ጀርባውን ተጠቅሜያለሁ።

ጉባኤው ተከፍቷል። ኋላ ያሉትን ልጆች አሁን ቀስ ብላችሁ ቀስቅሷቸው፤ የመጀመሪያው ጠረጴዛ የእነሱ ነው።