ጫማዎቹን ወለሉ ላይ ስንደረድር

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ከክፍሌ ስለወጣ አንድ ነገር ነው፤ ከሰነበተ ቆይቷል፣ ከሐሳቤ ግን አልወጣም።

የማስተምራቸው የ6 ዓመት ልጆች ናቸው። አንድ ቀን እያንዳንዳቸው አንድ እግር ጫማ አወለቁና ወለሉ ላይ በሁለት ረድፍ ደረደርን፤ ክር ያለው በአንድ ወገን፣ ክር የሌለው በሌላ ወገን። ክር ያላቸው 7፣ የሌላቸው 9። "የትኛው ይበዛል?" አልኩ። አንዲት ልጅ ሳታመነታ "ክር ያለው!" አለች። "እንዴት አወቅሽ?" ስላት ሮጣ ሄዳ የረድፉን ጫፍ በእግሯ ነካች። "እስከዚህ ይደርሳላ!"

ልጆቹ ክር ያላቸውን አራርቀው ነበር የደረደሯቸው። እኔ ግን "አይ፣ ቁጠሪው" ብዬ አለፍኳት። ቆጠረች፤ ፊቷ ግን አላመነም። ይሄ ነው የሚቆጨኝ። ልጅቷ እኮ ግራፍ እያነበበች ነበር! ርዝመቱን አይቶ ብዛቱን ማወቅ፣ ግራፍ ሌላ ምንድን ነው? የተበላሸው አደራደራችን ነው፣ ንባቧ አይደለም። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤም እኩል ቁጥር ካላቸው ሁለት ረድፎች የተራራቀው ለትንንሽ ልጆች የበዛ እንደሚመስላቸው ያሳየው ድሮ ነው። አውቀው ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ረሳሁት።

በማግስቱ ወለሉን በፕላስተር እኩል እኩል ካሬ አድርጌ ከፋፈልኩት። አንድ ካሬ ለአንድ ጫማ፣ ሁለቱም ረድፎች ከአንድ መስመር ይነሳሉ። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስና የምጣኔ ሀብት ጸሐፊ ዊሊያም ፕሌይፌርም እ.ኤ.አ. በ1786 የስኮትላንድን ንግድ በባር ግራፍ ሲያሳይ አሞሌዎቹን ያስነሳው ከአንድ መስመር ነው። ያቺው ልጅ አየችና በራሷ "ውይ፣ ክር የሌለው ነው" አለች። እኔ ምንም አልተናገርኩም።

"በስንት ይበልጣል?" ስል ደግሞ "በ9!" አሉ። ይሄ ጥያቄ ሁሌም ይከብዳቸዋል፤ የሚበልጠውን ረድፍ ቆጥረው ይሰጡሃል። ስለዚህ ጫማዎቹን አንድ ለአንድ አጣመርናቸው። ሁለት ተረፉ። አንዱ ልጅ "እነዚህ ጓደኛ የላቸውም" አለ። ከዚያ ወዲህ "ጓደኛ ያጡት ስንት ናቸው?" ብዬ ነው የምጠይቀው።

በመጨረሻ አንዲት ቀሪ ልጅ ነበረችና "ነገ ስትመጣ ጫማዋ የት የሚገባ ይመስላችኋል?" አልኳቸው። አብዛኞቹ "ክር ከሌለው! እሱ ነው የሚበዛው" አሉ። አንዱ ግን እጁን አወጣ። "ክር አለው። ሁሌ የማስርላት እኔ ነኝ።"

ሁለቱንም መልስ ሰሌዳው ላይ ጻፍኳቸውና እስኪነጋ ሳይጠፉ እንዲቆዩ አደረግኩ።