ከካማርግ እስከ ቦዬ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጅማ ነኝ። የማወራችሁ ግን በመጀመሪያ ደቡብ ፈረንሳይ ስላለ አንድ የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው።

ቦታው ካማርግ ይባላል። የሮን ወንዝ ሜዲትራኒያን ባሕር ሊገባ ሲል ለሁለት ይከፈልና በመካከሉ ሐይቅ፣ ሸምበቆና ጨዋማ ረግረግ የሞላበት ሰፊ ሜዳ ይተዋል። ከዚያ ውስጥ የቫካሬስ ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

መንገዱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለመንገድነት አልተሠራም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባሕሩ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የተደለደለ የአፈር ግድብ ነው። ዛሬ የግድቡን ጀርባ እግረኛና ብስክሌተኛ ይሄድበታል፤ መኪና አይገባበትም። ርዝመቱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገት የሚባል ነገር የለውም። ልጅም ሽማግሌም ይችለዋል። የሚፈትነው ነፋሱ ነው፤ ሚስትራል የሚሉት የሰሜን ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ፔዳሉ አልንቀሳቀስ ይላል። በአንድ ወገን አሸዋውና ባሕሩ፣ በሌላው ወገን ጥልቀት የሌለው ውሃ። እኛ አቢጃታ ላይ የምናውቀው ፍላሚንጎ እዚያም አንገቱን ደፍቶ ይለቅማል።

በዚያ መንገድ ስሄድ ሐሳቤ ሁሉ እዚሁ ጅማ ዳር ያለው ረግረግ፣ ቦዬ ነበር።

ቦዬን የጅማ ሰው ያውቀዋል፤ ግን ከመኪና መስኮት ነው የሚያውቀው። ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ አይቶት ያልፋል፤ ጉማሬ አለበት ሲባል ሰምቷል፣ በቃ። ብዙዎቻችን ረግረጉን የምናየው ሥራ እንደፈታ መሬት ነው። ስለዚህ ለጡብ ሲቆፈር፣ ጠርዙ ሲታረስ፣ ባሕር ዛፍ ሲተከልበት ማንም ምንም አይልም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ቡና ስናፈላ የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ከእንዲህ ያለ ረግረግ ነው። አዌቱ ወንዝ ደግሞ የከተማችንን ቆሻሻ ሁሉ ተሸክሞ ይወርዳል። ቦዬ ሲደርስ ውሃው ይረጋጋል፣ ደለሉ በሣሩ መካከል ይቀራል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል። ግልገል ጊቤ ላይ የኤሌክትሪክ ግድብ አለ። ረግረጉ ያላስቀረው ደለል ማረፊያው የግድቡ ሐይቅ ነው። ይሄን ሳስብ በጣም ነው የሚያንገበግበኝ፤ ያለ ደመወዝ የሚያገለግለንን ቦታ ነው በአካፋ የምንጨርሰው።

እኔ የምመኘው ትልቅ ነገር አይደለም። በረግረጉ ዳር ዳር የሚሄድ፣ ሁለት ብስክሌት የሚያሳልፍ የአፈር መንገድ። ንጣፍ አያስፈልገውም፣ የመዝናኛ ቤት አያስፈልገውም፣ ባጃጅም ባይገባበት ደስ ይለኛል። ክረምት ላይ ውሃው ስለሚሰፋ መስመሩ ከፍ ባለው ዳርቻ መሄድ አለበት። ወፎቹ በሚፈለፍሉበት በኩልም ራቅ ማለት አለበት፤ ካማርግም ቢሆን ሰው የማይደርስበት ሰፊ ቦታ ለወፎቹ ተትቷል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። መንገዱ ይውጣ ከተባለ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው ከብቶቻቸውን እዚያ የሚያሰማሩት፣ ቄጤማ አጭደው ገበያ የሚያወጡት እናቶች፣ ጡብ በመሥራት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ሰዎች ናቸው። ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ፣ የቱ መሬት እግር እንደሚውጥ እነሱ ያውቃሉ። የጡብ ሠሪውም እንጀራ ሌላ መላ ሳይፈለግለት ተነሥ ሊባል አይገባም።

እናንተስ ቦዬን በእግራችሁ የዞራችሁ አላችሁ? በየት በኩል ገባችሁ፣ የት ጋ ተመለሳችሁ? በድምፅ ቅዱልኝና ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ።