ሁለት ደቂቃ አናፖሊስ ላይ

[ምስል፦ የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ አንድ ገጽ ወረቀት፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክ]

ልጃችሁ ኦቲዝም አለበት እንበል፤ የምትኖሩት ሜሪላንድ ነው። ቤት መጥቶ የሚያግዘው ሰው እንዲያገኝ ዌይቨር የሚባለው የሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ፕሮግራም ውስጥ መግባት አለበት። ተመዘገባችሁ፣ "ተራ ጠብቁ" ተባላችሁ። ይኸው ዓመት በዓመት ላይ ይደረባል።

ወረፋውን ማን ያሳጥረው? ከወጪው ግማሽ ያህሉን የፌዴራሉ መንግሥት ይሸፍናል፤ ስንት ልጅ ይግባ የሚለው ግን ስቴቱ በሚመድበው በጀት ላይ ያርፋል። በ2022 የወጣ የሜሪላንድ ሕግ የጤና መሥሪያ ቤቱ የዌይቨር ወረፋዎችን በግማሽ የሚቀንስ ዕቅድ እንዲያወጣ አዟል። ዕቅዱ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ የሚጸድቀው የስቴቱ ምክር ቤት ባለበት በዋና ከተማው በአናፖሊስ ነው።

[ምስል፦ የአናፖሊስ ምክር ቤት ሕንፃ]

ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው፣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል። ስለዚህ ከዚያ በፊት፣ ፋታ ሲኖራቸው፣ የወረዳችሁን ሴናተርና ተወካዮች ቢሮ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። "ዜግነት የለኝም" ብላችሁ አትቅሩ፤ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም።

ወረፋውን የሚመለከት የሕግ ረቂቅ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ማንም ተመዝግቦ ምስክርነት ይሰጣል፣ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ። እኛ የምንቸገረው እዚህ ላይ ነው። እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ስለማመድ "ክቡራን የምክር ቤት አባላት፣ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ" እያልኩ ስልኬን ባየው 40 ሰከንድ ሄዷል። ልጄን ገና አላነሳሁትም! ምስጋናውን ሰረዝኩና እንዲህ ጀመርኩ፦ "ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባዶ እግሩ ከቤት ወጣ። ያገኘሁት የመኪና መንገድ ዳር ቆሞ ነው።" ቀጥሎ የረቂቁን ቁጥር ጠርቼ ደግፉት አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህን ሰው ፊት መናገር ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እንግዳ ሲመጣ ልጅን ጓዳ ማስገባት የለመደ ቤት ብዙ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

መስማት የተሳናችሁ ከሆነ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ውለታ አይደለም፤ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ስቴቱን ያስገድደዋል።

[ምስል፦ ታብሌት ላይ የሚጫኑ የልጅ ጣቶች]

ልጃችሁ በአንደበቱም ሆነ በታብሌት ሐሳቡን መግለጽ ከቻለ ደቂቃዋን ለእሱ ልቀቁለት። የእናንተን በጽሑፍ አስገቡት፤ ያም ምስክርነት ነው።